ዕጢዬ አደገ የተባልኩበት ቀን

ሰው ላይ መጮኽ የማያሳፍረኝ ሴት ነበርኩ። ውጫሌ ላይ የልደት ወይም የሞት ምዝገባ ጉዳይ ኖሯችሁ የሚያውቅ ከሆነ ምናልባት ጮኼባችሁ ይሆናል፤ ዐውፍ በሉኝ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የአምባሰልን ሰው ስምና ቀን ስጽፍ ኖሬያለሁ። የአያቱን ስም የማያውቅ፣ የራሱን ስም በየወረቀቱ በተለያየ ፊደል የሚጽፍ፣ ቀኑን አምታቶ የሚመጣ ሁሉ ከእኔ ምላስ አያመልጥም ነበር። ባሌ ሰይድ «አንቺ እኮ ጀነት በር ላይም ፎርም ሙሉ ሳትይ አታልፊም» እያለ ይስቅብኛል። እሱ መምህር ነው፤ ዝምተኛ ነው። ቤታችን ውስጥ የሁለታችንንም ድርሻ የምናገረው እኔ ነኝ።

ግራ ጡቴ ላይ ያለውን እብጠት ያገኘሁት ገላዬን ስታጠብ ነው። አራት ወር ደበቅሁት። ለምን እንደደበቅሁት እኔም አላውቀውም። የሰው ገመና ስጽፍ የምውል ሴት የራሴን ለአንድ ሰው መናገር አቃተኝ። ቆዳው ወደ ውስጥ መጎድጎድ ሲጀምር ለሰይድ ነገርኩት፤ ደሴ ሄድን፤ ተመረመርኩ፤ ካንሰር ነው ተባልኩ።

ያኔ የያዘችኝ ሐኪም ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ዕጢው ትልቅ ስለሆነና ከቆዳው ጋር ስለተጣበቀ አሁኑኑ በቀዶ ብናወጣው ንጹሕ ሆኖ አይወጣም አለችኝ። መጀመሪያ ስምንት ዙር ኬሞ ወስጄ እንዲያንስ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀዶ ሕክምናው።

«መድኃኒቱ መሥራቱን በምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«በአልትራሳውንድ ነዋ። እጅ ይሳሳታል። መድኃኒቱ ዕጢውን ሲገድለው ቦታው እንደ ጠባሳ ጠንክሮ ሊቀር ይችላል፤ ስዳስሰው ያለ ይመስለኛል። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት እንለካዋለን፤ አራት ዙር ስትጨርሺ እንደገና እንለካዋለን። ግማሽ መንገድ ላይ በደንብ ከቀነሰ መጨረሻውም ጥሩ እንደሚሆን ተስፋ እናደርጋለን። ካደገ ግን በማይሠራ መድኃኒት ጊዜ አናባክንም፤ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።»

በዚያ ሰሞን የሆስፒታሉ መሣሪያ ተበላሽቶ ነበርና የመጀመሪያውን አልትራሳውንድ ሐይቅ ከተማ አንድ የግል ክሊኒክ ተነሣሁ። ሰውዬው ውጤቱን በእጁ ጽፎ ሲሰጠኝ «ስንት ሴንቲ እንደሆነ እንዳትነግረኝ» አልኩት። ለሐኪሟም እንዲሁ አልኳት። ቁጥር እንጀራዬ ነው፤ ይሄንን ቁጥር ግን ፈራሁት። ኬሞው ተጀመረ። ፀጉሬ ረገፈ፤ ጥፍሬ ጠቆረ፤ ውኃ እንኳ ብረት ብረት አለኝ። አራተኛው ዙር ሲያልቅ ሁለተኛውን አልትራሳውንድ ደሴ፣ በተጠገነው መሣሪያ ተነሣሁ። ውጤቱን በፖስታ አሽገው ሰጡኝ። ሳልከፍተው ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር የላስቲክ ፎልደሬ ውስጥ ከተትኩት። ሐኪሜ በመካከሉ ለትምህርት ሄዳ ስለነበር ቀጠሮዬ ሁለት ሳምንት ተገፋ።

የካቲት በገባ በሳምንቱ፣ አምስተኛውን ዙር ልወስድ፣ ከሰይድ ጋር ደሴ ገባን።

አዲሱ ሐኪም ወጣት ነው። ከበሩ ውጭ ወንበር ያጣው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ካርዴ ካርድ ክፍል ተፈልጎ አልተገኘም፤ ስለዚህ ስለ እኔ የሚያውቀው እኔ የያዝኩትን ብቻ ነበር። ፎልደሬን ሰጠሁት። ፖስታውን ቀደደና ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«ሐይቅም ተነሥተሻል?» አለኝ።

«አዎ።»

«እዚህም ተነሥተሻል?»

«አዎ።»

አልጋው ላይ አስተኝቶ ዳሰሰኝ። «ጠንካራ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ተመልሶ ወረቀቶቹን አየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። በሥራዬ ብዙ ሰው የሞት ወረቀት ይዞ መስኮቴ ላይ ቆሟል፤ እንደዚያ ያለ ፊት አውቃለሁ።

«መጀመሪያ ላይ መድኃኒቱ ሠርቶልሽ ነበር» አለኝ። «ሁለት ነጥብ ስምንት ሴንቲ ደርሶ ነበር። በዚህ በኋለኛው ግን አምስት ነጥብ አንድ ሆኗል። አድጓል፣ እህቴ።»

«አድጓል ማለት?»

«ዕጢው መድኃኒቱን ተላምዶታል። ብንቀጥል ሰውነትሽን እንጎዳዋለን እንጂ የምናገኘው የለም። የዛሬውን ዙር አቁሜዋለሁ።»

ሰይድ «ታዲያ ምን ይደረግ?» አለ። 

«ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለ፤ እዚህ ግን አይገኝም። አዲስ አበባ ልጽፍላችሁ እችላለሁ፤ ወረፋው ወራት ይፈጃል። ወይም ነገ ለቀዶ ሕክምና ሐኪሞቹ አቀርባታለሁ። በዚህ መጠኑ ሙሉ በሙሉ ይወጣል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ከቤተሰብ ጋር ተማከሩና ነገ ጠዋት ኑ።»

አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም። እኔ፣ በፎርም ላይ ለጎደለ አንዲት ነጥብ ገበሬ ሦስት ሰዓት መንገድ የምመልስ ሴት፣ ፎልደሬን ተቀብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። 

ነገ ስለምንመለስ ውጫሌ ድረስ መሄዱ አድካሚ ነው ብለን ሐይቅ እኅቴ ከዲጃ ቤት ወረድን። ከዲጃ በሩ ላይ ፊቴን አይታ ማልቀስ ጀመረች። ሰይድ ለወንድሙ ስልክ ደወለ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አያ ይመር ከውጫሌ ደረሱ። አያ ይመር የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ በቤተሰባችን የእሳቸው ቃል የመጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ የጎረቤቱ ሰው መጣ። አንዲት ክፍል ቤት ናት። ከውስጠኛው ግድግዳ ጥግ ፍራሽ ተነጥፎልኝ ተቀመጥኩ፤ ከእኔ እስከ በሩ ድረስ ባለው ቦታ ሁሉ ሰው ሞላ። ለመውጣት ብፈልግ ሃያ ጉልበት መሻገር ነበረብኝ።

«አብሽሪ» አለችኝ አንዷ።

«አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» አለችኝ ሌላዋ።

በእኛ አገር ይህ ቃል ማጽናኛ ነው፤ እኔም ስንቱን ብዬበታለሁ። ያን ቀን ግን ሰው ሁሉ ተራ በተራ ሲለኝ በላዬ ላይ በር የሚቆልፉ መሰለኝ።

አያ ይመር መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ሰይድን አንድ በአንድ ጠየቁት። መድኃኒቱ ቆመ ወይ? ቆመ። ቢቀደድስ ሙሉ በሙሉ ይወጣል ወይ? ሐኪሙ አልዋሻችሁም ብሏል። አዲስ አበባስ? ወራት ይፈጃል። ጥያቄያቸውን ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስሚ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ በሽታ ብረት ሲነካው ይበተናል። ስንት ሰው ቀብረናል። ላይወጣልሽ ለምን ይቆርጡሻል? ነገ ንጋት ላይ መኪና ይመጣል። አገርሽ፣ አምባሰል፣ ከሰውሽ መሐል ትቀመጫለሽ። ዱዓ ይደረግልሻል። ጀሊሉ ያለውን ያድርግ።»

«ሐኪሙ ነገ ኑ ብሏል» አልኳቸው።

«ሐኪሙ የቻለውን አደረገ፤ አልሆነለትም። አብሽሪ፣ እኛ አለን።»

ሰይድን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። «አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«አያ ይመር ያሉት...» ብሎ ጀመረና ተወው።

ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ በተጣላኋቸው። እየወደዱኝ ነበር የሚጨርሱኝ። አየር ልውሰድ ብዬ ስነሣ ሦስት ሴቶች ተነሥተው ክንዴን ያዙኝ። ከጓሮው አጥር ባሻገር ሐይቁ ይታያል፤ አንድ ሰው ታንኳውን እየቀዘፈ ወደ ዳር ይመጣ ነበር። እስከዚያ ድረስ ብቻዬን መሄድ አማረኝ፤ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። «ብርድ ይመታሻል» ብላ ከዲጃ ወደ ውስጥ መለሰችኝ። እዚያው ጥጌ ተቀመጥኩ። የምሞትበትን ወር ማስላት ጀመርኩ። ትልቋ ልጄ ፈተና የምትፈተንበት ሰኔ ላይ እደርስ ይሆን እያልኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሰኔ ቢመጣም አስጨንቃት ይሆናል እንጂ ምን እጠቅማታለሁ እያልኩ። መኪናው ይምጣ አልኩ በሆዴ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ እሺ ብዬ ነበር።

ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ከአጥር ማዶ ያሉት እትዬ አረጋሽ መጡ። እንደ ወጉ አለቀሱ፤ ማርያም ታስምርሽ አሉኝ፤ አጠገቤ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«በዚህ ሰዓት መጠየቄ ነውር ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን ልደት የምታወጪው አንቺ ነሽ ሲሉ ሰማሁ። ልጄ ዐረብ አገር ልትሄድ ብላ ወረቀትሽ አይመሳሰልም ብለው መለሷት። እንቅልፍ የለኝም።»

ከዲጃ «ኧረ እትዬ አረጋሽ፣ ዛሬን እንኳ ይተዉአት» አለች ተቆጥታ።

«ተያቸው» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ደስ ነው ያለኝ። ከጠዋት ጀምሮ አብሽሪ ያላለኝ፣ አንድ ነገር የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ምን ይላል?» አልኳቸው።

«ልደቷ ላይ ቀኑ ዘጠኝ ስድስት ነው፤ ፓስፖርቷ ላይ አስራ ስድስት ሁለት ብለው ጻፉት። የወለድኩት እኔ፤ ቀኑን የሚለውጡት እነሱ!»

ወረቀቱን ማየትም አላስፈለገኝም። «አልለወጡትም» አልኳቸው። «ዘጠኝ ስድስት በእኛ ነው፤ የካቲት ዘጠኝ። አስራ ስድስት ሁለት በፈረንጅ ነው። አንድ ቀን ነው።»

«ሁለት ቁጥር አንድ ቀን ይሆናል?»

«ይሆናል። ቀን የተጻፈበት ወረቀት ሲሰጡዎት በእኛ ነው በፈረንጅ ብለው ይጠይቁ...»

አፌ እንደተከፈተ ቀረ። እትዬ አረጋሽ የታመምኩ መስሏቸው እጄን ያዙኝ።

«ከዲጃ፣ ፎልደሬን አምጭልኝ» አልኩ።

ያን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። የሐይቁ ክሊኒክ ሰውዬ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጥግ ላይ 12/2 ብሎ ጽፏል። ዓመተ ምሕረት የለውም። ከሥሩ አምስት ነጥብ አንድ ይላል። የደሴውን አወጣሁ፤ በማሽን በፈረንጅ ቀን የታተመ ነው፤ 30/1፤ ሁለት ነጥብ ስምንት።

ያ ቀን በፈረንጅ ፌብሩዋሪ አስራ አራት ነበር። ሐኪሙ ሁለቱንም በፈረንጅ አንብቧቸዋል። በእሱ ንባብ ደሴ የተነሣሁት ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሐይቅ የተነሣሁት ደግሞ ከትናንት ወዲያ ነው። የክሊኒኩ ሰውዬ ግን የጻፈው በእኛ ነው። ጥቅምት አስራ ሁለት። ሐይቅ የተነሣሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድም ኬሞ ሳልወስድ፣ ፀጉሬ ሻሼ ሥር ተጎንጉኖ ሳለ ነው። አምስት ነጥብ አንዱ የድሮው ነው። ሁለት ነጥብ ስምንቱ የአሁኑ ነው። ዕጢው አላደገም፤ ወደ ግማሽ ወርዷል።

ይህንኑ ነገርኳቸው።  ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዲጃ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ለቅሶው ባሰባት።

አያ ይመር በርኅራኄ አዩኝ፤ እሱ ነው ከሁሉ የከበደኝ። «ልጄ፣ ሐኪሙ ተምሮ ያነበበውን አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ትሽሪዋለሽ? ነፍስ ስትጨነቅ ብዙ ነገር ታሳያለች። አብሽሪ።»

ባብድ ይሻለኝ ነበር። እውነቱ እጄ ላይ ነው፤ ስናገረው ግን መሞቷን አልቀበል ያለች ሴት ለቅሶ ይመስላል። ደግሜ ባስረዳ ይብስበታል፤ ብጮኽ ጭራሽ አለቀልኝ። ትንሽ ቆይቼ እኔም ተጠራጠርኩ። ኬሞ ማስታወስን ያዳክማል ይባላል። ሐይቅ ሌላ ጊዜ ተነሥቼ ረስቼው ቢሆንስ? ደጋግሜ አሰብኩ፤ ራሴን እንደ ባለጉዳይ መረመርኩ።

«ክሊኒኩ እዚሁ ነው፤ ሰውዬው መዝገብ አለው፤ እንሂድ» አልኩ።

«ነገ አገርሽ ገብተሽ ረጋ ስትይ ይታያል» አሉ አያ ይመር።

ያኔ ሰይድ ተነሣ። አንድ ቃል ሳይናገር ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ በሰው ጉልበት መሐል ተሻግሮ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ቆየ። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። «ዘግተዋል። ነገ ሦስት ሰዓት ነው የሚከፍቱት።»

መኪናው የሚመጣው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ወደ ደሴ ደግሞ ከመሸ መንገድ አይኬድም፤ የጸጥታው ነገር እንደምታውቁት ነው። የሐኪሙን ስልክ አልያዝንም። ከዚያች ጥግ የምወጣበት መንገድ አልነበረም። ሰዉ እየተሰናበተ ሲወጣ እያንዳንዱ ሰው ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ፤ የመጨረሻ ጊዜ እንደሚሳም ሰው።

ጠዋት መኪናው በሰዓቱ መጣ፤ ባለ ሁለት በር ሂሉክስ ናት። ከዲጃ ጋቢ አለበሰችኝና እየደገፈች አወጣችኝ። አያ ይመር ከሹፌሩ ጎን ቦታ አዘጋጅተውልኛል። ፎልደሬን ደረቴ ላይ አቅፌ በሩ ጋ ደረስኩ። ሰይድ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«አያ ይመር፣ መኪናው ወደ ደሴ ነው የሚሄደው» አለ።

«ምን?»

«ወደ ደሴ።»

«ትናንት ተስማምተን አደርን አይደለም እንዴ?»

«እኔ አልተስማማሁም» አለ ሰይድ። «ዝም ነው ያልኩት።»

ባሌን በአስራ ስምንት ዓመት ትዳር ለታላቅ ወንድሙ ሲመልስ አይቼው አላውቅም። አያ ይመርም አላዩትም መሰለኝ። ሰይድ ድምፁን ሳያነሣ ቀጠለ። «በሌላ ነገር ትሳሳት ይሆናል። ቀን ላይ ተሳስታ ግን አላውቅም። ሐኪሙን እንጠይቀው። ዕጢው እውነት አድጎ ከሆነ ከዚያው አምባሰል እወስዳታለሁ፤ ቃል እገባልዎታለሁ።»

 አያ ይመር ወደ መኪናው ኋላ ሄደው መጫኛው ላይ ወጡና ተቀመጡ። «ንዳ» አሉት ሹፌሩን። ሰይድም ኋላቸው ወጣ።

ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አገኘነው። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ እሱን ሳየው ሁሉም ጠፋኝ። ወረቀቱን ዘርግቼ ጣቴን ጥጉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይሄ በእኛ ነው» አልኩት። «ጥቅምት ነው። ኬሞ ከመጀመሬ በፊት ነው።»

ወረቀቱን ተቀበለኝ። አየው። ሌላውን አየ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ።

«ዓመቱን አልጻፈም» አለ።

«አልጻፈም።»

«አንቺም አልነገርሽኝ...» ብሎ ጀመረና አቆመ። «እኔም አልጠየቅኩሽም» አለ።

ጮኽኩበት ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። አልጮኽኩም። አንድ ሰው ዓመት ሳይጽፍ ቀረ፤ አንድ ሰው ለስድሳ በሽተኛ ብቻውን ተቀምጦ ቸኮለ፤ አንዲት ሴት ደግሞ ቁጥሩን ፈርታ ወረቀቷን አላየችም። ሦስታችንም ነበርንበት።

በወረቀት ክርክር አይወሰንም አለና ራሱ ይዞኝ አልትራሳውንድ ክፍል ገባ። ተኛሁ። የሚቀባው ፈሳሽ ቀዝቃዛ ነው። ባለሙያው መሣሪያውን ጡቴ ላይ እያንሸራተተ ስክሪኑን ያያል፤ ሐኪሙ ከኋላው ቆሞ ያያል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ጠቆር ያለች ነገር መጣች። ባለሙያው በአንድ ጫፏ ምልክት አደረገ፤ በሌላው ጫፏ ሌላ ምልክት አደረገ።  በዚያች ቅጽበት ሁለቱም መንገድ ክፍት ነበር፤ በር ላይ የቆመችው መኪና በዚህ ቁጥር ወይ ወደዚያ ወይ ወደዚህ ትሄዳለች።

«ቁጥሩን ንገረኝ» አልኩት።

ባለሙያው ሐኪሙን አየው። ሐኪሙ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ሁለት ነጥብ አራት» አለኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከነበረውም ቀንሷል። ሐኪሙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ለሐኪም ያልተለመደ ነው። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለኝ። «መድኃኒቱ እየሠራልሽ ነው። በጣም ጥሩ እየሠራልሽ ነው።» እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ሰዓት ያላለቀስኩት ሴትዮ እንባዬ ፈሶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አምስተኛውን ዙር በዚያው ቀን ወሰድኩ።

መኪናዋ አያ ይመርን ይዛ ወደ ውጫሌ ስለሄደች፣ ወደ ሐይቅ ስንመለስ እኔና ሰይድ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። «ትናንት ሐኪሙን አምነኸው ነበር?» አልኩት።

«አምኜው ነበር» አለኝ። «አንቺስ?»

«እኔም» አልኩት። እጄን ይዞኝ ወረድን።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እኅቶቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የተሰጣችሁን ወረቀት እዩት። ፈርታችሁ አታሽጉት። ስንት ነበር፣ አሁን ስንት ሆነ፣ የቱ ነው የመጀመሪያው ብላችሁ ጠይቁ፤ ሐኪሙ ቢቸኩልም ጠይቁ፤ ይቆጣል ብላችሁ አትፍሩ። ሁለቱም መሣሪያዎች እውነቱን ነው የተናገሩት። የእኔ መልካም ዜና ሁለት ሳምንት ሙሉ በፖስታ ታሽጎ እቅፌ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን ይዤው ለመሞት ልሄድ ነበር። እኔስ ቀን ማስላት እንጀራዬ ሆነና ተረፍኩ። በእኔ ቦታ ወተት ሸጣ የምታድር አንዲት እናት ብትሆን ኖሮ ያቺ መኪና ወዴት ትሄድ እንደነበረ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ምላሴም ትንሽ አጥሯል፤ መስኮቴ ላይ ቀን አምታቶ የሚመጣ ሰው አሁን ወንበር ይሰጠዋል።

ስምንቱን ዙር ጨረስኩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሲለኩኝ ባለሙያው ብዙ ፈልጎ ያገኘው የጥፍር ያህል ነበር። መጀመሪያ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ስለነበር ጡቴን ሙሉ በሙሉ አወጡት፤ ዳር ዳሩ ግን ንጹሕ ነው ተባልኩ። ዛሬም ክትትል ላይ ነኝ፤ ጨርሶ ድኛለሁ ብዬ አልፎክርም።

ከሆስፒታል ወጥቼ ውጫሌ ቤቴ በተኛሁ በሳምንቱ አያ ይመር ሊጠይቁኝ መጡ። ከዚያ ከመኪናው ቀን ወዲህ ብቻችንን ተቀምጠን አናውቅም። ስለ ዝናብ አወሩ፤ ስለ ማሽላው አወሩ።

«እኔ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያዩ፣ «ያን ጊዜ ቦታ አይቼልሽ ነበር።»

«የምን ቦታ?» አልኳቸው፣ ገብቶኝ ሳለ።

«ከእናታችን ጎን።»

የባሌ እናት የተቀበሩት ከመንደሩ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። ከእሳቸው ጎን ማንም እንዲያርፍ ተፈቅዶለት አያውቅም፤ አያ ይመር ለራሳቸው ያስቀመጡት ቦታ ነበር።

«ጥሩ ቦታ ነው?» አልኳቸው።

«ጥላ አለው» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እንግዲያው ያቆዩልኝ፣ አያ ይመር» አልኳቸው። «አልቸኩልም።»